ከአመዱ የወጣው ቁጥር አሥራ ሰባት

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ብታምኑም ባታምኑም የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌ ይዣለሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ካናዛዋ ከተማ፣ አስከሬን ማቃጠያው ውስጥ፣ አጥንት የሚለቀምበት ክፍል።

ውጭ በረዶ ይጥላል። ክፍሉ ግን ይሞቃል... እናቴ ከእሳቱ የወጣችው ገና አሁን ነው።

እኛ ዘንድ ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ ቆሞ አጥንቱን ይለቅማል። ሁለት ሰው በቾፕስቲክ፣ ምግብ በሚበላበት ጥንድ ዘንግ፣ አንዱን አጥንት ግራና ቀኝ ይዞ፣ አብሮ ወደ ማሰሮው ያስገባል። ብቻውን የሚያነሳ የለም። ከእግር ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል።

አራት ነበርን። እኔ፣ አባቴ፣ አክስቴ ፉሚ፣ እና ነጭ ጓንት ያጠለቀ የቦታው ሠራተኛ።

እናቴን የገደላት የሳንባ ምች ነው ተብዬ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ እግሯን ቀዶ ጥገና ስታደርግም "የጉልበት ሕመም ነው፣ ትምህርትሽን ተማሪ" ተባልኩ። ኪዮቶ ሆኜ ተማርኩ።

የምማረው ሰው ሠራሽ አጥንት መሥራት ነው። ካንሰር አጥንት ሲበላ ሐኪሙ የተበላውን ጠርጎ ያወጣል፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላው የእኛ ሴራሚክ ነው። ነጭ ነው፤ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። አጥንት በቀዳዳው ገብቶ ያድግበታል።

ለቀማውን ጀመርን። አባቴ የቀኝ እግሯን ጨርሶ ወደ ጭኗ ሄደ።

"አባዬ፣ ግራውን ዘለልከው።"

"ቀጥይ።"

"የግራ ቅልጥሟን ዘለልከው እኮ።"

"ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ቀጥይ።"

አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "በእናትሽ አጥንት ላይ ደግሞ ልትፈትኚን ነው? ዩኒቨርሲቲሽን ለዛሬ እንኳ ውጭ ብትተዪው።"

ያኔ ነው ያየሁት...

የተቃጠለ አጥንት ግራጫ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃል። ይሄ ግን እንደ ወተት ጥርስ ነጭ ነው። የአውራ ጣቴን ያክላል።

ጫፉ ላይ በመርፌ የተወጉ ሦስት ነጥቦች አሉ።

ሦስት ነጥብ የእኔ ምልክት ነው። በሠራሁት ሁሉ ላይ አደርገዋለሁ። ከሥሩ ቁጥሩ አለ... አሥራ ሰባት።

ቁጥር አሥራ ሰባትን አውቀዋለሁ። ስንጥቅ ስለነበረው የቤተ ሙከራችን መዝገብ ላይ "ይጣል" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"በኋላ፣" አለ አባቴ በሹክሹክታ።

"አሁን።"

"ሰው ፊት አይሆንም፣ ቺአኪ።"

"ሰውየው ሥራው ነው፣ ከዚህ የባሰ ሰምቷል። ካንሰር ነበረባት?"

ሠራተኛው ወለሉን ማየት ጀመረ።

"ለአንቺ ብላ ነው፣" አለች አክስቴ። "ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች አለች።"

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

አክስቴ ወደ አባቴ ዞረች።

"የእኔ ፕሮፌሰርም?"

"ራሷ ኪዮቶ ድረስ ሄዳ ለመነችው፣" አለ አባቴ። "ልጄ የሠራችው ይሁን፣ ሌላ አልፈልግም አለች።"

"የተሰነጠቀ ነው፣ አባዬ። እንዲጣል የጻፍኩት ነው።"

አባቴ ቾፕስቲኩን ትሪው ላይ አስቀመጠ። "እሱን አላወቅንም።"

እናቴ ቅልጥሟ ውስጥ ተሰብሮባት ከሆነስ? ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ገድሏት ከሆነስ? በዚያች ደቂቃ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

"አንዳችሁ ያዙልኝ፣" አልኩ።

ማንም አልያዘልኝም። ብቻዬን አነሳሁት። ሊወድቅ ተንቀጠቀጠ...

ከዚያ ቀለለ።

ሌላኛውን ጫፍ አንድ ሰው የተቀበለኝ ያህል ቀጥ አለ።

አየሁ። የአባቴ ቾፕስቲክ ትሪው ላይ ነው። አክስቴ የራሷን ብብቷ ሥር ይዛለች። ሠራተኛው ባዶ እጁን ነው።

መሃረብ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"እመቤት፣ የሚገባው ማሰሮው ውስጥ ነው፣" አለ ሠራተኛው ቀስ ብሎ።

"የቤተ ሙከራችን ዕቃ ነው፣" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ኪዮቶ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ስንጥቁን አርባ ደቂቃ ፈለግኩ።

የለም። አጥንት ገብቶበት ዳርና ዳሩን ሰፍቶታል።

አልተሰበረባትም። አልገደልኳትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቀትር ላይ የፕሮፌሰሬ የሚዙካሚ ቢሮ ገባሁ። ምሳቸውን እየበሉ ነው።

"ይጣል ብዬ ጽፌ ነበር።"

ዕቃውን አዩት። አላስመሰሉም። "ሌላ የደረሰ አልነበረም። የቀዶ ጥገናው ቀን ደርሶ ነበር።"

"ተጥሏል ብለውኛል። ዓይኔን እያዩ።"

"እናትሽ አስምላኝ ነው።"

"እኔን አልጠየቃችሁኝም።"

"ብንጠይቅሽ እምቢ ትዪ ነበር።"

"አዎ።"

"ታዲያ፣" አሉና ወደ ኑድላቸው ተመለሱ።

ሰዎቹን ጠይቄ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ዕቃው ብቻ ነው፤ እሱ ቢያንስ አይዋሽም። እኛ አንድ ሴራሚክ ከአጥንት ጋር መያያዝ አለመያያዙን የምናውቀው፣ በደም ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ነክረን በሰውነት ሙቀት በማቆየት ነው። ጥሩ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ከወረቀት የሳሳ ነጭ ሽፋን ያወጣል።

ጠርሙስ ውስጥ ነክሬ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ሽፋኑ እንደ ጥፍር ወፍሯል።

በአምስተኛው ቀን በአንድ የጣት አንጓ ረዝሟል። ሦስት ጊዜ ለካሁ። አንዱ ተማሪ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ውሃውን ቀየርኩ፤ ሳጥኑን ቆለፍኩ።

በሰባተኛው ቀን የፊት ጠርዝ አወጣ... የቅልጥም ጠርዝ። እግራችሁን ከጉልበት በታች ብትዳብሱት የምታገኙት ያ ስለት።

ውሃው ውስጥ ደም የለም። ሕይወት ያለው ነገር የለም። ጨው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አጋማሹ ላይ አብጧል፤ ከዚያ በታች ትንሽ ወደ ጎን ጠሟል።

ከለቀማው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ ደወልኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

"እማዬ እግሯ ተሰብሮ ያውቃል?"

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"አባዬ?"

"...ግራው። በሰባት ዓመቷ፣ ከዛፍ ወድቃ።"

"የቱ ጋ?"

"መሃሉ ላይ። ጠመም ብሎ ነው የገጠመው። ታፍርበት ነበር፣ ከእኔ በቀር ለማንም ተናግራ አታውቅም።"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ቺአኪ... ማን ነገረሽ?"

በዚያ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ እውነት የነገረኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት ልለው አፌን ከፈትኩ።

ግን ወደ ሳጥኑ ዞሬ ነበር።

የመስታወት በሩ እንደተቆለፈ ነው። በመስታወቱ በኩል ጠርሙሱ ይታያል። ውሃው አልጎደለም፤ አጥንቱ ቦታው ላይ ነው።

በእጄ አጥብቄ የዘጋሁት ክዳን ግን ተከፍቷል... ተገልብጦ፣ ከጠርሙሱ ጎን፣ በቀስታ ተቀምጧል።