በጠራራ ፀሐይ የበራው መብራት

ኢንስፔክተር ዙሁራ ከመኪናዋ እንደወረደች መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ሬሳው ላይ ሳይሆን የቁፋሮ ማሽኑ ጥርስ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ጥርስ የበግ ጠቦት ያህላል። ጥርሶቹ የተገጠሙበት ባኬት ደግሞ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ምሳ ሊበላበት የሚችል የብረት አካፋ ነው። አጵሎስ ከዚያ ሥር ነበር። ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል።

ቦታው ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ተራራ ወገብ ላይ ያለ የድንጋይ ካባ ነው። ከታች የአባያ ሐይቅ እንደወትሮው ቀልቶ ተኝቷል። ገዳዩን ማሽን ሠራተኞቹ በጥርሱ ምክንያት «አዞው» ይሉታል፤ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ከእሱ በፊት ካባውን ስትቆፍር የኖረችውን ትንሽ ማሽን ደግሞ «አሮጊቷ» ይሏታል። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። አዞውን የሚነዳው አጵሎስ ነበር። አሮጊቷን የሚነዳው ካሌብ የሚባል ጎረምሳ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ የካባው ፎርማን አሞጽ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «የዘይት ቱቦው ለቀቀ፣ ክንዱ ወረደ፣ ልጄን ጨፈለቀብኝ። ቱቦውን ትናንት የቀየረው ይፍሩ ነው።»

«ልጅዎ ነው?»

«አልወለድኩትም። ግን ማሽን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከልጅ በምን ያንሳል?»

ዙሁራ ፊቱን ትታ እጁን ተመለከተች። አባቷ ጠሃ በአርባ ምንጭ ገበያ ስኳርና ዱቄት በጅምላ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው፤ እሷም ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብላ ነው ያደገችው። ከዚያ የሚታየው የሰው እጅ ብቻ ስለሆነ፣ አፍ ሲዋሽ እጅ ምን እንደሚሠራ ገና በልጅነቷ አውቃለች። የአሞጽ እጅ አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላትን አንዲት ያረጀች ቁልፍ ያሻል።

«የምን ቁልፍ ናት?»

«የቢሮ» አለና ሸሚዙ ውስጥ ከተታት።

መካኒኩ ይፍሩ እጁ በካቴና ታስሮ የፖሊሱ ፒክአፕ ላይ ተቀምጧል። ሬሳውን ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው፤ ያውም መፍቻ በእጁ ይዞ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የአካባቢው ፖሊሶች በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ብለው ወደ ጣቢያ ሊወስዱት ሞተር አስነስተው ነበር፤ ዙሁራ ናት ያስቆመቻቸው። ሚስቱ ገረሴ ውስጥ ገና አራስ ናት። ይህ ሰው ዛሬ ከገባ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

«አቶ ይፍሩ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆጥረው ያስረዱኝ። ይህን አውሬ የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?»

«ዘይት ነዋ» አለ ይፍሩ። «ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ በቱቦ ሄዶ እነዚያን የሚያብረቀርቁ ፒስተኖች ይገፋል። ክንዱ የሚነሳው፣ ባኬቱ የሚታጠፈው በዚያ ጉልበት ነው። ኦፕሬተሩ ቁጭ ብሎ በሁለት እጀታ የዘይቱን መንገድ ይከፍታል፣ ይዘጋል።»

«እንግዲያው ቱቦው ቢለቅ ክንዱ ይወድቃል።»

«እሱን ነው አልሰማ ያሉኝ! ፒስተኑ አፍ ላይ ቫልቭ አለ። ቱቦ ቢፈነዳ ዘይቱን እዚያው ያግተዋል፤ ክንዱ ባለበት ይቆያል። እንደዚህ ያለ ብረት በአንድ ጎማ ቱቦ ታምኖ አይንጠለጠልም።»

ካቴናው ተፈትቶለት አብረው ወደ ቱቦው ሄዱ። ዙሁራ ተንበረከከች። ባኬቱ ሲወድቅ ያስነሳው ቀይ አቧራ ድንጋዩንም ብረቱንም አልብሶታል። ከቱቦው የወረደው ዘይት ግን ላዩ ንጹሕ ነው፤ አቧራው ያለው ከሥሩ ነው። በጣቷ ነካችው። ቀጥላ የቱቦውን ዳዶ አየች። በነጭ ቀለም የተሰመረች ቀጭን መስመር አለች፤ ግማሿ ዳዶው ላይ፣ ግማሿ ቱቦው ላይ። ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም።

«ይቺን መስመር ማን አሰመራት?»

«እኔ ነኝ። አጥብቄ ስጨርስ ሁልጊዜ አሰምራለሁ። ቀጥ ካለች ማንም አልነካውም ማለት ነው።» ጎንበስ ብሎ አያትና ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ሰው ፈትቶታል።»

«ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ይላሉ።»

«ስደርስ ጠፍቶ ነበር፤ ቁልፉም አጵሎስ ኪስ ውስጥ ነው። ግን ሞተር እንደጠፋ ትንሽ የታመቀ ግፊት ይቀራል። ቁልፍ ከፍቶ፣ የደኅንነት ማንሻውን አውርዶ እጀታውን የገፋ ሰው ክንዱን በገዛ ክብደቱ ሊያወርደው ይችላል። ማንሳት አይችልም፤ ማውረድ ግን ይችላል። ማሽን የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።»

የሟቹን ቁልፍ ይዘው በመሰላሉ ወጡ። ይፍሩ ቁልፉን ሲያዞር በዚያ ጠራራ ፀሐይ ክንዱ ላይ ያሉት ትልልቅ መብራቶች ቦግ አሉ።

«ምን ጉድ ነው?» አለ ይፍሩ። የግራው እጀታ አናት ላይ ያለችው ማብሪያ ተጭና ቀርታለች። «አዞው እኮ ከመጣ ጀምሮ ማታ ሠርቶ አያውቅም። መብራቱን ማን ፈለገው?»

«እንዳለ ይተዉት» አለች ዙሁራ።

የአጵሎስ እጮኛ ኖላዊት ድንጋይ ጭነው የሚወጡትን መኪኖች የምትመዝነዋ ልጅ ናት። ዙሁራ ሚዛን ቤቱ ውስጥ ቀለበቷን እያዞረች ተቀምጣ አገኘቻት።

«አጵሎስ ደፋር ነበር?» አለች ዙሁራ።

«ፈሪ ነው እንጂ! ቁልፉ ኪሱ ካልገባ ባኬት አጠገብ አይደርስም። ጋሼ አሞጽ ሁለት ነገር አስምሎታል። አንደኛ፣ ቁልፉን ሳትይዝ ወደ ባኬቱ አትሂድ። ሁለተኛ፣ ክላክስ ሳታደርግ ክንድ አታውርድ፤ ከታች ያለ ሰው ሰምቶ ይውጣ። ሲያስተምረው የረሳ ቀን በጥፊ ነበር የሚለው።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«የሚቀናበት ቢሉ አይሻልም?» አለች ኖላዊት፤ እንባዋ መጣ። «ካሌብ እኔን ጠይቆኝ እምቢ ብዬዋለሁ። አዞው ሲመጣም ‹ወንበሩ ለእኔ ይሰጣል› ብሎ ነበር። ጋሼ አሞጽም ያን ወንበር ይመኝ ነበር፤ ፎርማን አደረጉት፣ ነገሩ አለቀ። ትናንት ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው፣ አጵሎስ በዚያ ሁሉ ጥርስ የአንዱን ባርኔጣ ሳይቀድ ከመሬት አነሳላቸው። አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ። እኔም ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።»

«አቶ አሞጽስ?»

«ከኋላ ቆሞ ‹እኔ ነኝ ያስተማርኩት› ሲል ሰምቼዋለሁ። የሰማው ያለ አልመሰለኝም።»

ካሌብ ሲጠራ ተኮሳትሮ ነው የመጣው።

«ቀንቼበታለሁ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «በእሷም ቀናሁ፣ በማሽኑም ቀናሁ። ሌሊት ሳስበው አንጀቴ ቅጥል ይላል። ግን አልገደልኩትም።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«አሮጊቷ ላይ። መፍጫው ክሬሸር ውስጥ ድንጋይ እጨምር ነበር።»

ዙሁራ ይህን አስቀድማ ጠይቃለች። ክሬሸሩ ጠዋቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲፈጭ ነበር፤ ባኬቱ ሲወድቅ ማንም ያልሰማው በእሱ ጩኸት ነው። ካሌብ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ክሬሸሩ ባዶውን ይቀር ነበር፤ ሁሉም ሰው ደግሞ ያን ዝምታ ይሰማ ነበር።

«የአሮጊቷ ቁልፍ አዞውን ይከፍታል?»

«የአንድ ፋብሪካ ቁልፍ ሁሉንም ይከፍታል። ግን የኔ ቁልፍ አሮጊቷ ላይ ተሰክቶ ነበር። ሳይሰካ እንዴት ትሠራለች?»

«ሌላ ቁልፍ የላትም?»

«ጋሼ አሞጽ ሲያስረክበኝ ሁለተኛው ጠፍቷል ብሎኛል።»

ፀሐይ ወደ ተራራው ሳታዘነብል ዙሁራ ሁሉንም አሮጊቷ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ክሬሸሩ እንዲቆም አዘዘች። ካሌብ፣ ይፍሩ፣ ኖላዊትና አሞጽ በአንድ ረድፍ ቆሙ፤ የቀሩት ሠራተኞች ከኋላ ተኮለኮሉ።

«ካሌብ፣ ክንዷን አንሳና መሬት ላይ አስቀምጥልኝ።»

ካሌብ ወጣ፣ ክንዷን አነሳ፣ ደለቅ አድርጎ አስቀመጠው።

«እርስዎስ፣ አቶ አሞጽ?»

«እኔ ከተውኩ ቆየሁ።»

«ይተዉት እንግዲያ፤ ግድ የለም። እዚህ ካባ ላይ ከአጵሎስ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ይላሉ ሠራተኞቹ። የእሱን ያህል ካልቻሉ አልፈርድብዎትም።»

የአሞጽ ጆሮ ግንድ ቀላ። መሰላሉን ያዘና ወጣ። ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ አሥር ዓመት የወረደለት መሰለ። ክንዷን እንደ ላባ አነሳት፣ አየር ላይ አቆማት። ከዚያ አሮጊቷ አንዴ ጮኸች፣ አጭር ክላክስ፤ ባኬቷም አቧራ ሳታስነሳ መሬት ላይ አረፈች። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳያስበው አጨበጨበ።

«ድንቅ ነው» አለች ዙሁራ። «ክላክስ ያድርጉ ብዬ ነበር?»

«ልማድ ነው» አለ አሞጽ እየወረደ። «ክላክስ ሳላደርግ ክንድ አውርጄ አላውቅም።»

«መጫኛው የት ነው?»

«የግራው እጀታ አናት ላይ።»

«አዞው ላይስ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ምንድን ነው? አቶ ይፍሩ?»

«የክንዱ መብራት» አለ ይፍሩ ቀስ ብሎ። «የአዞው ክላክስ ቀኝ ላይ ነው።»

አሞጽ የመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ቀረ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ዙሁራ። «ዘይቱ የፈሰሰው ከአቧራው በላይ ነው። አቧራውን ያስነሳው ባኬቱ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክንዱ ወረደ፣ ቱቦው የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቺው ጥፋቱን በይፍሩ ላይ ለመጣል ፈልጎ ነው፤ ይፍሩ ደግሞ በራሱ ላይ ለመመስከር የገዛ ዳዶውን አይፈታም። ሞተሩ ስለጠፋ ክንዱን ያወረደው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የአጵሎስ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ የካሌብ ቁልፍ ሥራ ላይ ነበር። የቀረችው ጠፋች የተባለችው ናት።»

እጇን ዘረጋች። «የቢሮውን ቁልፍ ይስጡኝ፣ አቶ አሞጽ። አዞውን ካልከፈተች ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

አሞጽ አልተንቀሳቀሰም። ካሌብ ሄዶ ክሩን ከአንገቱ ሊያወልቅ ሲል፣ አሞጽ ራሱ አውልቆ ሰጣት።

«አዞው ውስጥ የገባው ሰው ክንዱን ከማውረዱ በፊት በግራ አውራ ጣቱ አንድ ነገር ተጭኗል» ብላ ቀጠለች። «በቀን መብራት የሚፈልግ የለም። ጣቱ የፈለገው ክላክስ ነው። ካሌብ ክላክስ አያደርግም፤ አሁን አይታችሁታል። አጵሎስም ኪሱ ውስጥ ባለው ቁልፍ ተማምኖ ከተነሳ ባኬት ሥር የገባው፣ ያንን ሕግ ያስተማረው ሰው ግባ ስላለው ነው።»

«ጥርሱ ሊወልቅ ነው፣ ከሥር እየው አልኩት» አለ አሞጽ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና አሳየኝ። ‹ይኸው ጋሼ፣ አልረሳሁም› አለኝ።»

ኖላዊት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን አደረገህ?» አለችው። «ጋሼ፣ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ደግ ልጅ ነው። ትናንት ሁሉም ሲያጨበጭብለት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ማን አስተማረው ብሎ አልጠየቀም። እሱም አልነገራቸውም።»

«ነግሯቸዋል» አለች ኖላዊት። «ፎቶ ሲነሱ ‹አስተማሪዬን ጥሩልኝ፣ እሱም ይግባ› አላቸው። አንተ ተናድደህ ሄደህ ነበር።»

አሞጽ የግራ አውራ ጣቱን እንደማያውቀው ነገር ትኩር ብሎ አየው።

«እጄ ሊነግረው ነበር እኮ» አለ። «ቢጮህ ኖሮ ይወጣ ነበር። ክላክስ ከሰማ ይወጣል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ካቴናው ከፒክአፑ መጣ። ይፍሩ ስልኩን አውጥቶ ወደ ገረሴ ደወለና ለሚስቱ ዛሬ ቤት እንደሚገባ ነገራት፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ከዚያ ኢንስፔክተሯን አስፈቅዶ አዞው ላይ ወጣ። በፀሐይ ሲበራ የዋለውን መብራት አጥፍቶ ወረደ።