የተጠቀለለው ቀበቶ

ጀልባው ከተጎታቹ ላይ ቁልቁል ተንሸራቶ ሰውየውን ደረቱ ላይ ደፍጥጦታል። ግራሶ የጠገበው ጨርቅ ገና በእጁ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ ለሜካኒኩ ካቴና አስገብቶ ጨርሷል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

«ጀልባው የሚንሸራተትባቸውን ሮለሮች ትናንት የቀየረው እሱ ነው» አላት ፖሊሱ። «በጣት ሲነኳቸው ይሽከረከራሉ። ጀልባው በራሱ ነው የሄደው።»

«መሽከርከርማ ሥራቸው ነው!» አለ ሜካኒኩ። «ጀልባውን ከፊት ይዞ የሚያቆመው ቀበቶው ነው፤ አጥብቄ አስሬው ነው የሄድኩት። እህቴ፣ እኔ ከታሰርኩ ልጆቼ ሜዳ ላይ ቀሩ!»

መርማሪዋ ከተጎታቹ ፊት ያለውን፣ ቀበቶው የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ አየች። ቀበቶው ሳይዛነፍ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

«ባለቤትሽ ነው እንዲህ የሚጠቀልለው?» ስትል የሟቹን ሚስት ጠየቀቻት።

«እሱ?» አለች። «የትም ጥሎት ነው የሚሄደው። ጋሼ ሁሌ ይቆጡት ነበር።»

ጋሼ የምትለው የባሏን ታላቅ ወንድም ነው። የግቢው በር ላይ ቆሟል። «እኔ ጩኸት ሰምቼ ነው የደረስኩት። ምንም አልነካሁም» አለ።

መርማሪዋ ሁሉንም በተጎታቹ ዙሪያ ሰበሰበች። ቀበቶውን ስባ መሬት ላይ ዘረጋችና የሜካኒኩን ካቴና አስፈታች።

«እስቲ ሰብስበው።»

ሜካኒኩ ጠቅልሎ ጫፉን እንደተንጠለጠለ ተወው።

«ኧረ እንዲህ አይደለም!» ታላቅየው ነጠቀው። ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ ሸጎጠው። ከዚያ የገዛ እጁን አይቶ ክው አለ።

«ማጠንጠኛው ከድቶ ቢሆን» አለች መርማሪዋ፣ «ቀበቶው ጀልባውን ተከትሎ ይዘረጋ ነበር። ተጠቅልሎ የተገኘው ሰው መንጠቆውን ከጀልባው አውልቆ ስለጠቀለለው ነው። ሟቹ ከኋላ ተንጋሎ የሮለሮቹን ዘንግ ግራሶ እየቀባ ነበር፤ ደግሞም ጠቅልሎ አያውቅም። ሜካኒኩ እንዴት እንደሚጠቀልል አየን። እርስዎ ምንም አልነካሁም አሉ፤ እጅዎ ግን ልማዱን አልደበቀም።»

ሰውየው ተጎታቹን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«በኔ ጥፋት ከጀልባ ሰጥመው የሞቱትን መንገደኞች ነገር ፍርድ ቤት ሊመሰክርብኝ ነበር» አለ። «ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ቀረብ አለችው።

«ጋሼ፣ እኔ ስደርስ እኮ ገና ይተነፍስ ነበር። እጁን ልይዘው ስል፣ ‹አልቋል፣ አትይው› ብለው ዓይኔን የሸፈኑኝ እርስዎ ነዎት።»