የመምህር በላይነህ ቀይ መጽሐፍ

የሒሳብ መምህሩ በላይነህ ጭሮ በተከራየው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ ወፍራም ቀይ የከፍተኛ ሒሳብ መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ ላይ ተከፍቷል። ዝንጅብል የበዛበት ሻዩ የጫት ተባይ መርጫ መድኃኒት ይሸታል።

ኢንስፔክተር ኮከቤ የመጽሐፉን ሽፋን ገልብጣ አየችና በሩን አሸገች።

«የመድኃኒቱ ጠርሙስ የኔ ነው» አለች አከራይቱ ኩብራ በድንጋጤ። «በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል። እኔ ወላሂ ሂርና ከተማ ለቅሶ አድሬ ጠዋት ስመለስ ነው ያገኘሁት። ያየሁትን ከፖሊስ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።»

የበላይነህ የሥራ ባልደረባ ቅዱስ ግን አልደነገጠም። ከተማው «ሊቁ» ይለዋል፤ እሱም አምኖ ተቀብሏል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ። «መጽሐፍ መምረጥ አያውቅም። ብቻህን ለምታጠናው መልስ ያለውን ስስ መጽሐፍ ያዝ ብዬው ነበር። ቀዩን ካልዘለቅኩ ብሎ ለወራት ተንገላታ፤ ይኸው ከምዕራፍ አንድ ሳያልፍ ቀረ።»

«ሰሞኑን ክፍሉ ገብተዋል?» አለች ኮከቤ።

«እኔ? ከረገጥኩት ቆየሁ።»

የፊዚክስ መምህርቷ ሰርካ ዐይኗ በለቅሶ አብጧል። «ቀዩን መጽሐፍ ትናንት አመሻሽ ላይ ከአዲስ አበባ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። አንደኛውን ጥራዝ ጨርሶ ለኔ አውሶኛል።»

«ጠላት ነበረው?»

«የለውም። ሰኞ ግን ከቅዱስ ጋር ለኮሌጅ መምህርነት ሊፈተን ነበር። ቦታው አንድ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ኮከቤ ሦስቱንም በኩብራ ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«ወይዘሮ ኩብራ ሂርና ማደራቸውን ለቀስተኛው መስክሯል» ብላ ጀመረች። «ትናንት የደረሰ መጽሐፍ ሰውን ለወራት አያንገላታም። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ‹ሁለተኛ ጥራዝ› ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ያን የጀመረ ሰው አንደኛውን የጨረሰ ነው፤ ተስፋ የቆረጠ አይደለም። ሰርካ መጽሐፉን በር ላይ ሰጥታ ሄደች። ቅዱስ ‹ከምዕራፍ አንድ አላለፈም› ብሎኛል፤ የታሸገ ክፍል ውስጥ ያለው መጽሐፍ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደተከፈተ ሳይነገረው የሚያውቅ ግን፣ ትናንት ማታ ሻይ አብሮት የጠጣው ብቻ ነው።»

ቅዱስ ሳቀ። «በመጽሐፍ ሰው ይከሰሳል?»

«በሽፋኑ» አለች ኮከቤ፣ አንቱታውን ትታ። «ከተማው የትኛውን ላንብብ እያለ አንተን ይጠይቃል። አንተ መጽሐፍ የምትመርጠው በውፍረቱ ነው። ሽፋን እንኳ አታነብም።»

ከክሱ ይልቅ ንቀቱ አነደደው። «ከመቻራ ገጠር ጭቃ የወጣ በላይነህ ይበልጠኝ?» ብሎ ጮኸ።

ሰርካ ቀና ብላ አየችው። «መጽሐፉን ስሰጠው ምን አለኝ መሰለህ? ‹ቅዱስን ልጥራው፤ ይህን ይወደዋል፤ አብረን እናነበዋለን› ነው ያለኝ።»

 ኮከቤ የሊቁን ፊት ማየት ተጸይፋ፣ በር ላይ ለቆመው ፖሊስ እንዲይዘው በእጇ ምልክት ሰጠችው።