ሞያ ላይ ሰው አለ

መሐንዲስ ሂሻም የሞተው ለሦስት ወር ሙሉ «እንዳትሞቱበት» እያለ ሲያስጠነቅቅ በከረመው ነገር ነው። ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ዘጠኝ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት፣ የውሃ ፓምፑን ክዳን ፈትቶ፣ መፍቻውን እንደጨበጠ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ኮረንቲው ቀኝ መዳፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትቶበታል። ሕንፃ ለማስተዳደር ለሚሠለጥኑት ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚደግማት አንዲት ሕግ ነበረችው፦ «ኮረንቲውን አጥፍታችሁ ሳትቆልፉ እጃችሁን አታስገቡ። ቁልፉም ከሚሠራው ሰው ኪስ አይውጣ።» ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የፖሊስ መርማሪዋ ነቂብ አስማእ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። የበታቿ ሻዊሽ ጂብሪል በረንዳው ላይ በላብ ተዘፍቆ ተቀምጧል። «ያ ሙሃብ፣ ሞያ!» ብሎ የሕንፃውን ጠጋኝ ጠራ። ሙሃብ ብርጭቆውን ገልብጦ አሳየው። ከትናንት ጀምሮ በሕንፃው ጠብታ ውሃ የለም፤ መሐንዲሱም ፓምፑን የፈታው ለዚሁ ነበር።

«ጀናቡ፣ እዚህ የሚመረመር ነገር የለም» አለ ጂብሪል። «ሐበሺያዋ የተሳሳተውን ማጥፊያ ቆልፋ ሰውየውን አስበላችው። ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣና እንወስዳታለን። ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አልፎበታል፤ እስሯን ስትጨርስ ድንበር ነው።»

«ቁልፉን ሞክረኸዋል?»

«ምኑን ልሞክረው? ከሟች ኪስ የወጣ ቁልፍ ነው።»

«አልሞከርከውም» አለች አስማእ፤ እጇንም ዘረጋች።

አስማእን የማያውቅ ሰው ዝም ስትል የተኛች ይመስለዋል። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የወሎ ሐይቅ ሴት ናት፤ ያደገችው ሐበሻ በሚበዛበት የካርቱም ሰፈር፣ ዴም ነው። አማርኛዋ ሲራመድ ያነክሳል፤ ፊደሉን ግን እናቷ በአርጩሜ አስቆጥራታለች። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የምትለውም ከእናቷ ወስዳ ነው።

ሐበሺያ የተባለችው ሉጥፊያ ናት። ወሎን ከለቀቀች ሃያ ሁለት ዓመቷ፤ ሃያውን በሰው ቤት ስታጥብና ስትወለውል ፈጅታዋለች። በሥልጠናው ከሁሉ በልጣ የተገኘችው እሷ ነበረች፤ ይህንም ብዙ ሰው አልወደደላትም። የዛሬ ተረኛም እሷ ነበረች። ከምድር ቤቱ በላይ ካለው የኤሌክትሪክ ክፍል ገብታ የፓምፑን ማጥፊያ አወረደች፣ በጓጉንቸር ቆለፈች፣ ቁልፉን ለሂሻም ሰጠች። ማስጠንቀቂያ ካርድ ስላልተገዛ ሂሻም የቁስል ፕላስተር ያሠራቸው ነበር፤ ጽሑፍ ጽፈው ማጥፊያው እጀታ ላይ ይለጥፉታል፣ እጀታው ሲነሣ ፕላስተሩ ይቀደዳል። በየቋንቋችሁ ጻፉ ብሏቸዋል። ከዚያ አራት ሰዓት ሆነና ሂሻም ፓምፑ ላይ ሲቀር ሌሎቹ ሁሉ ለፉጡር ወጡ፤ ካርቱም በአራት ሰዓት ፉልዋን ካልበላች ሥራ አታውቅም። ተመልሰው ሲመጡ ሂሻም ሞቷል። የፓምፑ ማጥፊያ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ጓጉንቸሩና ፕላስተሩ ጎረቤቱ በሆነው የአየር ማቀዝቀዣ ማጥፊያ ላይ ናቸው።

አስማእ በኪስ የተገኘውን ቁልፍ ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተችው። አልዞረም። ጎንበስ ብላ ከፓምፑ ማጥፊያ ሥር ያለውን ወለል በጣቷ ጠረገች። ቢጫ የብረት ፍርፋሪ ጣቷ ላይ ቀረ።

የሕንፃው ወኪል አብደልራሒም ገና ሳይጠየቅ ጮኸ።

«ገረድ ሰብስበው ማሽን ሲያስነኩ ምን ጠብቀው ነበር? ሒሳቡ ይኸው ነው!»

«በፉጡር ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን። ሂሻም የእሳት ማጥፊያው ፓምፕ በስብሷል ብሎ ለሕንፃው ባለቤት ከስሶኛል፤ አብሬው ፉል እንድበላ ነው የምትፈልጊው?»

«ቁልፉ ጓጉንቸሩን አይከፍትም።»

«እንግዲያው ቁልፉንም አሳስታ ሰጥታዋለች! ሳጥን ውስጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት ጓጉንቸሮች አሉ። ማንበብ የማትችል ሴት!»

«በዐረብኛ አትችልም» አለች አስማእ፤ ወደ ሙሃብም ዞረች።

ሙሃብም እንደ እሷ የዴም ልጅ፣ የሐበሻ እናት ልጅ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ብረት መቁረጫው የአንተ ነው?»

«የኔ ነው። በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ የፈለገ ሁሉ ያነሣዋል። ወላሂ ሂሻምን አልወደውም ነበር፤ በሠልጣኝ ፊት ‹ሽቦ ቀጣይ› ብሎኛል። ግን አልገደልኩትም።»

«ፊደል ታነባለህ?»

«እናቴ ስድቡን እንጂ ፊደሉን አላስተማረችኝም፣ ጀናቡ። ኻልቲ ሉጥፊያን ልቀቋት። እሷ ማጥፊያ አይጠፋባትም።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የሥልጠናው አስተርጓሚ ሙሐመድአወል ነው። ደሴ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረ፣ ሱሪውን እንደ ተማሪ ደብተር አጥፎ የሚተኩስ ሰው። ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። አስማእ የፕላስተሩን ፎቶ ከስልኳ አወጣች።

«የኔ አማርኛ ደካማ ነው፣ ኡስታዝ። እስኪ አንብብልኝ።»

«‹አትንኩ። ሙያ ላይ ሰው አለ።›» አነበበና በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ሙያ ማለት ሥራ ነው። ሥራ ላይ ሰው አለ ማለቷ ነው። ጽሑፉ መልካም ነበር፤ የለጠፈችበት ቦታ እንጂ። ‹ሙያ በልብ ነው› ይላሉ አበው፤ የሷ ግን በልብም በእጅም አልነበረም።»

«ለፉጡር ከሌሎቹ ጋር ወጣህ?»

«ትንሽ ዘግይቼ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ እጄን ታጥቤ ደረስኩባቸው።»

«ሹክረን» አለችው፤ ምንም ያልሰማች መስላ።

ሉጥፊያ ዘበኛ ቆሞባት እቃ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን በርበሬ መስሏል።

«ኻልቲ፣ ፕላስተሩ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«አትንኩ፣ ሞያ ላይ ሰው አለ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምጽፍ።»

«የቆለፍሽው የቱን ነበር?»

«ሦስተኛውን! ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ሃያ ዓመት የሰው ጋዝ ስዘጋ የኖርኩ፣ አንድ ቀን ቤት ያላቃጠልኩ፣ ዛሬ መሐንዲሴን ልግደል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እስር አልፈራም፣ ጀናቡ። ገደለችው መባሉን ነው የማልችል። ያ ሰውዬ ገረድ ብሎኝ አያውቅም። ስሜን ነበር የሚጠራ።»

አጠገቧ አንድ ደብተር አለ። አስማእ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። በየገጹ ቀይ እስክሪፕቶ ፈሶበታል።

«ማነው ያረመሽ?»

«ኡስታዝ አወል። ይሰርዝብኛል፤ ለምን እንደሚሰርዝ ግን አይነግረኝም። እኔም አልጠይቀው። የተማረ ሰው ሲቆጣ ደስ አይለኝም።»

አስማእ አንድ ገጽ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ሳትቀመጥ ጂብሪልን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ጂብሪል ፊቱን አጨፈገገና ደረጃውን ወጣ።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም ሦስተኛ ፎቅ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ክፍሉ ይግላል። አብደልራሒም ሰዓቱን ያያል፤ ሙሃብ አብደልራሒምን ያያል፤ ሉጥፊያ መሬት መሬቱን።

«ያላ፣ እንጨርስ» አለች አስማእ። «በሟች ኪስ የነበረው ቁልፍ ማቀዝቀዣው ላይ የተገኘውን ጓጉንቸር አይከፍትም። ሻዊሽ፣ አሳያቸው።»

ጂብሪል በጨርቅ የያዘውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀለበቱ የተቆረጠ ቢጫ ጓጉንቸር ነው። አስማእ ቁልፉን ከታ አዞረችው። ቀጭ አለ።

«ሂሻም የሚያምነው ጓጉንቸር ይህ ነው። አንድ ሰው በፉጡር ሰዓት ቆርጦ ጣለው፣ ኮረንቲውን ለቀቀበት፣ ከሳጥኑም ሌላ አውጥቶ ጎረቤቱን ቆለፈ። ሉጥፊያ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ የምትቆርጠው ነገር አይኖርም ነበር።»

«ማንም ሊቆርጠው ይችላል!» አለ አብደልራሒም።

«ልክ። ፕላስተሩን ግን ማንም አይጽፈውም። እጀታው ሲነሣ የሉጥፊያው ተቀደደ፤ ስለዚህ ገዳዩ የእሷን ጽሕፈት አስመስሎ አዲስ ጻፈ።» ስልኳን ለሙሃብ አቀበለችው። «አንተ ፊደል አታውቅም። ገልብጥ ብልህ እንዴት ትገለብጣለህ?»

«እንዳየሁት ነዋ። ሥዕል ነው ለኔ።»

«አብደልራሒምም እንደዚያው። የማያውቅ ሰው እንዳየው ይገለብጣል። የሚያርም የሚያውቅ ብቻ ነው። ኻልቲ፣ ተነሽና ሰሌዳው ላይ ጻፊው።»

ሉጥፊያ ጠመኔውን አንሥታ ጻፈች። «አትንኩ። ሞያ ላይ ሰው አለ።»

«‹ሞያ› ምንድነው?»

«ውሃ ነዋ፣ ጀናቡ! ሞያ! ሃያ ሁለት ዓመት ‹ጂቢ ሞያ›፣ ውሃ አምጪ ሲሉኝ የኖርኩ…» ብላ ቆመች። «የውሃው ፓምፕ ላይ ሰው አለ ማለቴ ነው።»

«ማቀዝቀዣው ላይ የተገኘው ግን በ‹ሙ› ነው የተጻፈው። ሙያ። ሉጥፊያ ውሃን በ‹ሙ› ጽፋ አታውቅም። ቃሉን ያየው ሰው ዐረብኛ መሆኑን አልጠረጠረም፤ አማርኛ መሰለው፤ እጁም ሳያስበው አረመው።» ደብተሩን ገለጠች። «እዚህ ላይ ሉጥፊያ ‹የሞያ ታንከር በየወሩ ይታጠብ› ብላለች። በቀይ ‹የሙያ ታንከር› ተብሏል። የሙያ ታንከር ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ኡስታዝ?»

ሙሐመድአወል ከአንገቱ በላይ ሳቀ። «በአንዲት ፊደል ሰው ይሰቀላል?»

«ብቻዋን አይደለችም። ለፉጡር የዘገየኸው ሦስተኛ ፎቅ እጅህን ስትታጠብ ነው አልከኝ። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ በሌለበት ሕንፃ በምን ታጠብክ? የተቆረጠው ጓጉንቸር የተገኘው በሦስተኛው ፎቅ ሽንት ቤት፣ በደረቀው የውሃ ሳጥን ውስጥ ነው።»

ጂብሪል ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተጠጋ።

«ሂሻም ትናንት ለሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ ጻፈ» አለች አስማእ። «ሉጥፊያ የሕንፃው አስተዳዳሪ ትሁን፣ ሙሐመድአወል በእሷ ሥር ጸሐፊ ይሁን የሚል። ግልባጩን ሂሻም ጠረጴዛ ላይ አገኘነው፤ ግርጌው ላይ የተየብከው አንተ መሆንህ ተጽፏል። በአንድ ጥይት ሁለት ወፍ፦ እሱ ይሞታል፣ እሷ ትታሰራለች።»

ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። ከሥሩ የነበረው ጥላቻ እንደ ቁስል ተገለጠ።

«አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ!» ጮኸ። «ሚኒስትር ያስተማርኩ ሰው፣ የዐረብ ሽንት ቤት ስትፈትግ ለኖረች ሴት ‹እሺ እመቤቴ› ልበል? ያውም ፊደል እንኳ በቅጡ የማትጽፍ!»

የተማረ ይግደለኝ ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ቃሉን ይመልስ ነበር። ሙሃብ ዘሎ ሊያንቀው ሲል ሉጥፊያ ክንዱን ያዘችው። አብደልራሒም ጉሮሮውን ጠረገ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልወጣውም።

«ፓምፑ ግን ምን ይሁን?» አለ በመጨረሻ። «ተከራዮቹ ያብዱብኛል።»

አስማእ ከሟች ኪስ የወጣውን ቁልፍ አየችው፤ ማስረጃ ነውና መልሳ ከተተችው። ከሳጥኑ አዲስ ጓጉንቸር አውጥታ ከነቁልፉ ለሉጥፊያ ሰጠቻት። ሉጥፊያ ቁልፉን ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተች፤ በፕላስተሩም ላይ በ‹ሞ› ጻፈች።

ሙሐመድአወልን እጁን አሥረው ሲያወጡት ደረጃው ላይ ቆመ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጂብሪል አማርኛ አያውቅም። አስተማሪው ዞር ዞር ብሎ አየና ምራቅ ባጣ ምላሱ ለመነ።

«ሞያ… ያ ሻዊሽ፣ ሞያ።»

የመለሰችለት ሉጥፊያ ናት፤ በአማርኛ።

«የለም። ፓምፑን የሚሠራውን ሰው ገደልከው።»