የተካ አዲሱ ምድጃ

ተካ በአዲሱ የባዮጋዝ ምድጃው አጠገብ ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የ2004 ክረምት ወደ ቴፒ የሚወስደውን ድልድይ ከጠራረገው በኋላ ነው፤ ኢንስፔክተር ሐያት ከሚዛን ተነሥታ ወንዙን በገመድ ተሻገረች። ወዲያው ውሃው ሞላ። ሚስቱ ፋና፣ ታላቅ ወንድሙ ገሠሠና እናታቸው እማማ ጥሩነሽ ከሬሳው ጋር ተዘግተው ጠበቋት።

«የገደለችው እሷ ናት» አሉ እናትየው፣ በአገጫቸው ፋናን እያመለከቱ። «እበት ካልነደደ ብላ!»

«ጭሱ ዓይንዎን ጨረሰው ብዬ እኮ ነው፣ እማማ።»

ገሠሠ ጣልቃ ገባ። «መጀመሪያ ሶላር ነበር ያማረው። በዚህ ዝናብ የምን ፀሐይ ነው ብዬ አስተውኩት። መንደሩ በሙሉ በኔ ጄኔሬተር ያበራ የለ? እምቢ ብሎ ይኸው፣ ጋዙ አፍኖ ገደለው።»

«ጎረቤቱም ባዮጋዝ ሊያስገባ ነበር?»

«ላም ያለው ሁሉ ለምድጃም ለመብራትም ጉድጓድ ሊያስቆፍር!» አለ በምሬት።

ሐያት ሬሳውን መረመረች። ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል፤ ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል። የሹራቡ ጀርባ የቡና ገለፈት ለብሷል፤ የማድ ቤቱ ወለል ግን ንጹሕ ነው።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፋና። «ጠዋት በሩን ስከፍት ዶሮዎቹ በእግሬ መሀል ግር ብለው ወጡ። ከዚያ አየሁት።»

«እዚህ ነው የሚያድሩት?»

«ሸለምጥማጥ ፈጃቸዋ! ማታ ማታ እዚሁ እዘጋባቸዋለሁ።»

«ጋሽ ገሠሠ፣ ጄኔሬተሩ ማታ የት ነበር?»

«የሚቆምበት ዳስ ያፈሳል፤ ቡና መጋዘናችን ውስጥ አስገባሁት።»

«ቁልፉስ?»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ሐያት ቁልፉን ተቀብላ መጋዘኑን ብቻዋን አየች፤ ተመልሳም ሦስቱን መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሰው የሚገድል ጋዝ ካደረበት ቤት ዶሮ በሕይወት አይወጣም። ተካ የሞተው ሌላ ቦታ ነው። ገለፈቱ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ነው። የጄኔሬተር ጭስ ደግሞ በተዘጋ ቤት ሲገድል የሟቹን ፊት ያቀላል። የመጋዘኑ በር ከውስጥ በኩል በጥፍር ተቧጭሯል። በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው፤ ቁልፉም ያለው አንድ ሰው አንገት ላይ ብቻ ነው።»

ገሠሠ መሬት መሬት አየ። «ምድጃውን እስኪተው ድረስ ላስፈራራው ነበር። ስከፍት ሞቷል፤ ተሸክሜ ምድጃው አጠገብ አስተኛሁት።»

«እማማ» አለች ሐያት ቀስ ብላ፣ «መኝታዎና መጋዘኑ ግድግዳ ይጋራሉ።»

«ተካ በሩን ሲደበድብ ሰምቻለሁ» አሉ እናትየው። «ወንድማማች ነው፣ ይታረቃል ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ አንዱ ሞቷል። ሌላውን በገዛ አፌ ላሳስረው?»

«እኔንስ?» አለች ፋና።



«ወንዙ እስኪጎድል ማናችንም አንወጣም» አለች ሐያት።

ፋና ከአማቷ ለመራቅ ተነሣች። ቤቱ ውስጥ ያለው መቀመጫ ግን ያው አንዱ መደብ ነው። ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።