የእሁዱ ርክክብ

እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋ ለዕድሜዋ ደህና ነበረች። የሞተር ዘይቷ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። የራዲያተሯ ውሃ ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። የግራ የፊት መብራቷ አይሠራም። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ሁለት ቦታ ተለጥፏል። የእጅ ፍሬን ስለሌላት ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጓል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 341,207 ላይ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው።

ጽናት ይህን የምትናገረው ኮፈኑን ከፍታ፣ እያንዳንዱን ነገር በጣቷ እየነካች ነው። የአጎቷ ልጅ ቢያድግልኝ ፊት ለፊቷ ቆሞ ማስቲካ ያኝካል።

«ጨረስሽ?» አላት።

«አልጨረስኩም። የፍሬን ዘይት ሙሉ ነው። ባትሪው ትናንት ውሃ ተጨምሮለታል…»

«እሺ ናፍጣ፣ ሰምቻለሁ። ቁልፉን አምጪ።»

ጽናት የቀሩትን ሁሉ ዘርዝራ ጨረሰች። ቁልፉን ግን እጁ ላይ አላኖረችውም፤ እግሩ ሥር ወረወረችለት። «ናፍጣ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። አምና ዘጠነኛ ክፍል በገቡ በሁለተኛው ቀን ለክፍሉ ልጆች ሁሉ «እሷ አጠገብ ክብሪት እንዳትጭሩ» ብሎ አሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠሯት መምህራን ብቻ ናቸው።

መኪናዋ አሮጌ ፒክአፕ ናት። አያታቸው ሲሞቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለጽናት አባት ለአባይነህና ለቢያድግልኝ አባት ለዱባለ፣ በጋራ ተውላቸው። ወንድማማቾቹ ሞላሌ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት ቤቶች ይኖራሉ። የአያታቸው ተዝካር ዕለት ተጣልተው ይኸው ሦስት ዓመት አይነጋገሩም። መኪናዋ አንድ ሳምንት ለአንዱ፣ አንድ ሳምንት ለሌላው ገብስና በግ ትጭናለች። እሁድ እሁድ ልጆቻቸው ይረካከባሉ። አሥራ አንድ ነገር ይቆጠራል፤ በኋላ አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» እንዳይለው። ጽናት በሦስት ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንዱ አንዱን እንኳን ዘልላ አታውቅም።

ያን ሌሊት ውርጭ ወረደ። ሰኞ ጠዋት የውሻው ውሃ ከነሳህኑ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ታኅሣሥ ሲገባ መንዝ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ማታ ማታ የራዲያተሩን ውሃ አውጥቶ ያድራል። ውሃው እዚያው ካደረ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ሲያብጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ዱባለ ውሃ ሊሞላ ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩ የታችኛው ሳጥን ላይ ስንዝር የሚያህል ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ ነጭ በረዶ ተገፍቶ ወጥቷል።

«ቢያድግልኝ! ውሃውን አላወጣህም?»

«አውጥቻለሁ!»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው? ጠላ ነው?»

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር፣ አውጥቻለሁ…»

ጥፊው እስከ ጽናት ቤት ተሰማ። አባይነህ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለማንም ሳይሆን ለባሕር ዛፉ የሚናገር ይመስል፣ «ለእንቅልፋም መኪና ማስረከብ ትርፉ ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ዱባለ ወደ ወንድሙ ዞር አላለም። ልጁን ክንዱን ይዞ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «ጥፋት አንድ ነገር ነው። እኔ ውሸታም አላሳድግም። የፊታችን ሰኞ መርሐቤቴ ቆላ ትወርዳለህ፤ አጎትህ ዘንድ ማሽላ ታጭዳለህ። ትምህርትህ እዚህ ላይ አበቃ።»

የቢያድግልኝ እናት በለጠች «ኧረ ተው፣ አሥረኛ ክፍል ደርሶ!» ብላ ለመነች። ጽናት ይህን ሁሉ በመስኮት አየች። ደስ አላት። ደስታዋንም አልደበቀችም፤ ቢያድግልኝ ቀና ሲል ፈገግ ብላ ጠበቀችው።

ማክሰኞ ሁለቱ አባቶች ራዲያተሩን ለማውረድ አብረው ጎነበሱ። አንዱ ለብቻው ቢያወርደው ሌላው «የኔን ድርሻ ሰበረው» ይላል፤ ስለዚህ ግድ ነበር። ጽናት የመፍቻ ቁልፎቹን ይዛ መካከላቸው ቆመች።

«ጽናት፣ ለዚያ ሰውዬ አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ ስጪው፤ ትንፋሹንም ወደዚያ ያዙርልኝ» አለ አባቷ።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ አሥራ ሁለት አይፈታውም፣ አሥራ ሦስት ነው» አለ ዱባለ።

«አሥራ ሁለት ነው በዪው!»

አሥራ ሁለት ነበር። ዱባለ ፈታና ቁልፉን መሬት ላይ ጣለው።

ራዲያተሩን ጆንያ ላይ አጋደሙት። ጽናት ስንጥቁን ለብየዳ በሽቦ ብሩሽ ስታጸዳ፣ ከሳጥኑ ወደ ላይ የቆሙትን ቀጫጭን ቱቦዎች አስተዋለች። በረዶው አሳብጧቸዋል። እብጠቱ ግን እስከ ላይ አይደርስም፤ ከመካከል ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለው ቱቦ ሁሉ እንደነበረ ነው። በስንዝሯ ለካችው። ውሃው ጨርሶ ካልወጣ እስከ አፉ ድረስ ማበጥ ነበረበት። ሁሉም ወጥቶ ከሆነ ደግሞ የትም ማበጥ አልነበረበትም። ታዲያ ግማሽ ውሃ አውጥቶ የሚተኛ ማነው?

«ምን ትዳብሺያለሽ? ፈግፍጊ!» አለ አባቷ።

ረቡዕ ስንጥቁን በብየዳ እርሳስ ደፍነው ራዲያተሩን ቦታው መለሱት። አባይነህ ሞተሩን አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል አሞቀው፤ አላንጠባጠበም። «ከእንግዲህ ያ ልጅ አይነካትም። ውሃውን ማታ ማታ አንቺ ታወጪያለሽ» አላት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጽናት አሥር ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን ከራዲያተሩ ሥር አስቀምጣ ቧንቧውን ከፈተች። እነ ቢያድግልኝ ውሃውን መሬት ላይ ነው የሚያፈሱት። እሷ ግን ጠዋት ከምንጭ የምትቀዳው ራሷ ስለሆነች መልሳ ለመሙላት ታጠራቅመዋለች። ውሃው ፈሰሰ። ቀጥሎ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያም ቆመ። ሁልጊዜ ሲቆም ቧንቧውን ዘግታ ትገባ ነበር። አሁን ግን ጀሪካኑን ስታነሳው ቀለላት። ሌላ ጊዜ ከግማሽ ያልፋል፤ ዛሬ ሩቡ ብቻ ነው።

ቀና ብላ አየች። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው የጎማ ቱቦ ተጨምቆ ሁለቱ ጎኖቹ ተጣብቀዋል፤ የሆነ ነገር ከውስጥ የመጠጠው ይመስላል። እስከ መቶ ቆጠረች። አንድ ጠብታ አልወረደም።

የራዲያተሩን ክዳን ነካችው። አባቷ «ሞተሩ ሲሞቅ ይፈላብሻል፣ ማታ ክዳኑን እንዳትነኪ» ብሎ ስለከለከላት፣ ጠዋት ውሃ ስትሞላ እንጂ ማታ ስታወጣ ከፍታው አታውቅም። አሁን ግን ቀዝቅዟል። በጨርቅ ይዛ አዞረችው። አየር ፉጨት እያሰማ ወደ ውስጥ ገባ፣ የተጨመቀው ቱቦ ጧ ብሎ ተነፋ፣ ውሃው ከታች ገንፍሎ ጫማዋን አራሰው።

ያኔ ገባት። አሮጌው ክዳን እንፋሎት ያፈስ ነበር። እንፋሎት የሚያወጣ ክዳን አየርም ያስገባል፤ ስለዚህ ውሃው ሳይቸገር ይወርድ ነበር። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ አባቷ አሮጌውን አውልቆ አዲስ ክዳን ገጠመ። እሷ አሮጌውን ይዛ አጠገቡ ቆማለች፤ ወስዳ የጣለችውም እሷ ናት። አዲሱ ግጥም አድርጎ ይዘጋል። አየር ካልገባ ውሃ አይወጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታስረክብ አሥራ አንዱን ነገር ሁሉ ዘረዘረች። ስለ ክዳኑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ከአሥራ አንዱ ውስጥ የለማ።

አባቷ በረንዳው ላይ የጭነት ገመድ ይጠቀልል ነበር። ያየችውን በቅደም ተከተል ነገረችው። ገመዱን መጠቅለል አላቆመም።

«ለማን ተናግረሻል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር።»

«አባዬ፣ ልጁ እኮ አልዋሸም።»

«ክዳኑን የገዛሁት እኔ ነኝ! ሦስት ዓመት ስሜን ሲያጠፋ ለኖረ ሰው ሄጄ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ልበለው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ልጁ ከሄደ ዱባለ የሚነዳለት የለውም፤ እሱ እንደሆነ ዓይኑ ደክሟል። መኪናዋ እኛ ጋ ትከርማለች። ክረምት ላይ መንዳት አስተምርሻለሁ። አንቺ አይደለሽ ስትለምኚኝ የኖርሽው?»

እሷ ነበረች። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ለምናዋለች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቢያድግልኝ በሩ ላይ ጠበቃት። ጉንጩ ላይ የጥፊው ምልክት ደብዝዟል።

«እንኳን ደስ አለሽ ናፍጣ። መሪው ያንቺ ነው።»

«እሁድ ዕለት ውሃውን እንዴት ነው ያወጣኸው?»

«ዳኛ ሆንሽ ደግሞ?»

«መልስልኝ።»

«ስንት ጊዜ ልንገራችሁ? ቧንቧውን ከፈትኩ። ፈሰሰ። ሲቆም ዘጋሁ።»

«ክዳኑን አልከፈትክም?»

«ውሃ ሲወጣ መቼ ተከፍቶ ያውቃል? አንቺስ ትከፍቻለሽ?» ምራቁን ከእግሯ አጠገብ እንትፍ አለ። «ሂጂ ወደዚያ። ቆላ ብወርድ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ሽታሽ እዚያ አለመድረሱ ነው።»

ጽናት መንገዷን ቀጠለች። ለስድቡ ሁለት ጥሩ ምላሽ መጥቶላት ነበር። የጥያቄው መልስ ግን አንድ ብቻ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ እሷም ውሃ ስታወጣ ከፍታው አታውቅም ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት ቄስ መልከ ጼዴቅ መጡ። ወንድማማቾቹን አንድ ቦታ ማስቀመጥ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግቢው መሐል ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ አባይነህ በቀኛቸው፣ ዱባለ በግራቸው። ነገ ጧት የሚሄደው ልጅ ጓዝ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ከረጢት፣ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ከመሄድህ በፊት እውነቱን ተናገር። ማንም አይመታህም» አሉ ቄሱ።

«አውጥቻለሁ አባ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

«በረዶ አይዋሽም አባ» አለ አባይነህ።

ጽናት ከመኪናዋ አጠገብ ነበረች። ጠዋት ራዲያተሩን ሞልታ ሞተሩን አሙቃለች፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት እንዲቀዘቅዝ ትታዋለች። ኮፈኑን ከፈተችና አንድ ሊትር የሚለካ የፕላስቲክ ጆግ አነሳች።

«ቢያድግልኝ፣ ና አውጣ። ባለፈው እሁድ እንዳወጣኸው።»

«ልታሾፊብኝ ነው?»

«አውጣ አልኩህ!»

«ጽናት!» አባቷ ተነሳ። «ግቢ ወደ ቤት!»

አልገባችም። የመኪናዋን መከላከያ ተደግፋ ቆመች።

«ተዋት አባይነህ። ቁጭ በል» አሉ ቄሱ።

ቢያድግልኝ መጥቶ ተንበረከከና ቧንቧውን ከፈተ። ጽናት ጆጉን ሞልታ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠች፤ አንድ። ደገመች፤ ሁለት። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ ውሃው ቀጥኖ ቆመ። ልጁ ልማዱ ሆኖ ቧንቧውን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ፤ መሐል ላይ ተወው።

«ቆመ» አለ። «ያን ቀንም እንዲሁ ነው የቆመው።»

«ታዲያ ይህ ምንድነው?» አለ ዱባለ።

«ጋሼ ዱባለ፣ ውሃው አላለቀም» አለች ጽናት። «ክዳኑ ይዞት ነው። ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ አባዬ አዲስ ክዳን ገጠመ። አሮጌውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳስረክብ አልተናገርኩም።»

ዱባለ ከመቀመጫው ቀስ ብሎ ተነሳ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን ፊት ለፊት አየው።

«ታውቅ ነበር?» አለው።

አባይነህ ወንድሙን ሳይሆን ልጁን ጽናትን አያት። ከዚያ ቤቱ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«የልጁን ጓዝ አስገቢ» አለ ዱባለ ለሚስቱ። በለጠች ከረጢቱን አንስታ፣ ጽናትን ቀና ብላ ሳታያት ገባች። ቄስ መልከ ጼዴቅ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ተቀረቀረው በር ሄደው ማንኳኳት ጀመሩ።

ቢያድግልኝ ከጉልበቱ ላይ አፈሩን አራገፈ። «ማን ለመነሽ?» አላት።

«ማንም። ጆጉን ያዝ።»

ክዳኑን በጨርቅ ይዛ አዞረችው። አየሩ እያፏጨ ገባ፣ ውሃውም ወረደ። እሱ ይቀዳል፣ እሷ ትቆጥራለች። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ የወጣው ውሃ አራት ሊትር ከሩብ ነበር።