ሦስተኛው ባልዲ

«ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ወንድሜ አይታጠብም!»

ሳሙና ባልዲውን ደጅ ካለው ቧንቧ ሥር እንዳስቀመጠች ቀና አለች። ድምቢጥ የመስጊዱ ሬሳ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ቆማለች፤ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ።

«ሸሂድ አይታጠብም። በደሙ፣ በልብሱ ነው የሚቀበረው። ደግሞ አንቺ ይሄ ይጠፋሻል?»

አይጠፋትም። የሬሳ አጣቢ ልጅ ሆና እንዴት ይጠፋታል? ሬሳ ሦስቴ እንደሚታጠብ፣ በመጨረሻው ውኃ ላይ ካፉር የሚሉት የሚሰነፍጥ ነጭ ዱቄት እንደሚጨመር፣ በጦር ሜዳ የወደቀ ሰማዕት፣ ሸሂድ የሚሉት፣ ግን እንደማይታጠብ ልጅ ሆና ነው የሰማችው። «ሳሙና» የሚለውን ስም የክፍሏ ልጆች ያወጡላትም በአባቷ ሥራ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ «እጇ ሬሳ ሬሳ ይሸታል» እያሉ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር። ድምቢጥ ብቻ ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ዘጭ አድርጋ፣ «እኔ እንደሆነ ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አይሸተኝም» ብላ ተቀመጠች። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ዴስክ አልተነሳችም።

የድምቢጥ ወንድም የዛሬ አራት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ፈንጂ ታጥቆ አውቶቡስ መናኸሪያ ገባ። አሥራ አንድ ሰው ገድሎ ሞተ። ፖሊስ አስከሬኑን ያስረከበው ዛሬ ጠዋት ነው።

በሩ ተከፈተ። የሳሙና አባት የጎማ ቦቲውን እንደተጫማ ብቅ አለ። አራት ቀን ሙሉ በቅጡ አልተኛም።

«ማነው የሚጮኸው?»

«አባባ፣ ወንድሜ ጂሃድ ላይ ነው የሞተው። በአላህ፣ እንዲሁ ይቅበሩት።»

አባቷ ጓንቱን ከእጁ መንጭቆ አወለቀ።

«ጂሃድ? ማነው ይህን ያስተማራችሁ? ጂሃድ ትግል ነው፣ ልፋት ነው፤ መጀመሪያ ከገዛ ነፍስሽ ጋር! ጦርነት ሲመጣ እንኳ ሕግ አለው። ሴት አይገደልም፣ ሕፃን አይገደልም፣ ሽማግሌ አይነካም፤ ዛፍ እንኳ በከንቱ አይቆረጥም! ወንድምሽ ከማን ጋር ነው የተዋጋው? ከትኬት ቆራጩ ጋር? ወይስ ከዚያ ከስድስት ዓመቱ ልጅ ጋር? ልጁን ትናንት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አጥቤዋለሁ። ከነአንድ ጫማው ነው የመጣው፤ ሌላውን ፈልገው አጡት። ሸሂድ የሚባል ካለ ያ ልጅ ነው፤ እሱም ታጥቧል! አውቶቡስ በሚጠብቅ ሰው መሃል ፈንጂ የሚያፈነዳ ሽብርተኛ ነው። የኛን ቃል ሰርቆ ስሙን አያሳምርም!»

ድምቢጥ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፈነች። የሳሙና አባት አያት፤ ድምፁም ወረደ።

«ኢማሙ አልሰግድበትም ብለዋል። ረዳቴም አልነካውም ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። እኔ ግን አጥበዋለሁ። ሬሳ እንደሚያመው ቆጥረሽ ነው በቀስታ የምታጥቢው። አሁን ይሄ እጄ በቀስታ አላጥብም እያለኝ ነው። የኔ ትግል ዛሬ ከእጄ ጋር ነው። ገባሽ ልጄ?» ወደ ሳሙና ዞረ፤ «ሁለተኛውን ባልዲ።»

ባልዲውን ይዞ ገባ፤ በሩም ተዘጋ።

ሳሙና ሦስተኛውን ባዶ ባልዲ ከሥር አድርጋ ቧንቧውን ከፈተችው። ድምቢጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ስልኬ አለ አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

ፖሊስ የነድምቢጥን ቤት ሊፈትሽ ሲመጣ ነው ስልኩን ያመጣችላት። «የወንድሜ ፎቶ ብቻ ነው ያለው፤ እንዳይወስዱብኝ ደብቂልኝ» ብላ። ሳሙና መክፈቻ ቁጥሩን ታውቃለች፤ ለፈተና ሲያጠኑ አብረው ነው የሚጠቀሙበት። ዛሬ ጠዋት ከፈተችው። ፎቶ አለ። የድምፅ መልእክትም አለ። ብስክሌታቸውን ይጠግንላቸው የነበረው የድምቢጥ ወንድም በዚያው በሚያውቁት ሳቁ፣ «ትንሿ፣ ዓርብ ትልቁ ገበያ እንዳትሄጂ። እማዬንም እንዳትልኪያት። ከኔ በኋላ ወንድሞች እዚያ ይጨርሱታል» ይላል።

ዛሬ ረቡዕ ነው።

«ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አለች ሳሙና።

ድምቢጥ እንደ ደነገጠ ሰው ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው ነበር ያየቻት።

«ዝም ብሎ ነው። ሲያወራ ነው።»

«ቅዳሜም ሲያወራ ነበር?»

«ሳሙናዬ፣ እናቴን ይወስዷታል። የቀረችኝ እሷ ናት።» ከዚያ ፊቷ ከረረ። «ሌሎቹ ሲጸየፉሽ ማን ነበር አጠገብሽ የተቀመጠው? እኮ ማን ነበር?»

«አንቺ።»

«ታዲያ?»

ከግድግዳው ወዲያ ውኃ ሲፈስ ይሰማል፤ ትንሽ ይፈስና ያቆማል፣ ደግሞ ይፈሳል። በኃይል የተደፋ አልነበረም። ትናንት ትንሹ ልጅ ሲታጠብ ደጅ ቆማ የሰማችውም ይህንኑ ድምፅ ነው፤ ያንኑ ያህል ቀስታ።

ከቦርሳዋ ውስጥ ስልኩን አወጣች፤ ቁጥሩን ነካክታ ከፈተችው። «ተይ» አለች ድምቢጥ። አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

ሳሙና በሩን ሁለቴ ቆረቆረች። ውኃ ደረሰ ማለት ነው። በሩ ገርበብ አለና የአባቷ እርጥብ እጅ ባልዲ ፍለጋ ወጣ።

«የታለ ውኃው?»

«አባዬ፣ እጅህን አድርቅ። መጀመሪያ ይህን ስማ።»

ከኋላዋ ሦስተኛው ባልዲ ሞልቶ መሬት ላይ መፍሰስ ጀምሯል። ድምቢጥም አልተነሳች፣ ሳሙናም ቧንቧውን ልትዘጋ ዞር አላለች።